ለሐዘንም ለደስታም የሚሆን ጠላ

ወንድሜ ልዑልሰገድ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ከላንጋኖ ወደ አዳማ ሲመለስ አዳሚ ቱሉ አጠገብ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ነበር። በእረፍቱ ቀን ግን ቤታችን ጠላ ይጠምቅ ነበር፤ በሰፈራችን ይህን የሚያደርግ ሌላ ወንድ አላውቅም። ጠመቃውን የሚማከረው ጀርመን አገር፣ ባምበርግ ከሚኖሩት ከጋሼ ሐዲስ ጋር ነው፤ በደብዳቤ። ጋሼ ሐዲስ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ለቢራ ጠመቃ ትምህርት ሄደው እዚያው ቀሩ። የሠሩበት ፋብሪካ የጠርሙስ ማሸጊያ ጩኸት ጆሯቸውን ስለወሰደው ስልክ አያነጋግሩም፤ ስክሪን ላይ የተጻፈም ዓይናቸው አይችልም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

እናቴ መርዶ በወረቀት አይነገርም አለች። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ የሚያረዳው ነገር ነው። ደጋፊ በሌለበት ብቻቸውን አንብበው ቢወድቁስ? እዚያ ከተማ የምናውቀው ሐበሻ የለም። እንዲሁ ሳይነገራቸው ወራት አለፉ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የልዑልን ጠላ እኔ ልጠምቅ ፈለግሁ፤ አሠራሩን አሟልተው የሚያውቁት ደግሞ ጋሼ ሐዲስ ብቻ ነበሩ። ያኔ የተጻጻፍነው ይኸው ነው።

ኤባ ደገፋ

*

አዳማ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዲስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እዚህ ክረምት ነው ቢባልም ነፋሱ አቧራውን ይዞ በየቤቱ መግባቱን አልተወም። እናቴ ሸዋወርቅ፣ አባቴ ደገፋ፣ እህቴ ሃኒ ሰላም ይሉዎታል። ሃኒ ታጭታለች። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልን።

እኔ ኤባ ነኝ፤ የመጨረሻው። የመጀመሪያውን ልጅ ስም እናቴ፣ የእኔን አባቴ ስላወጡ ነው ስማችን የማይመሳሰለው። በመስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል እገባለሁ። ልዑል ሊጽፍልዎት ስላልቻለ ነው እኔ የጻፍኩት።

ልዑል ከእርስዎ ጋር ስለምን ሲከራከር እንደቆየ አውቃለሁ። ላንጋኖ የሚመጡ እንግዶች “ለዓሣውም ለጥብሱም፣ ለልደቱም ለስብሰባውም የሚሆን አንድ ቢራ አምጣልን” ይሉታል። እሱ ከፍሪጁ አንዱን ያወጣላቸዋል፣ ግን አያምንበትም። ቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ “እንዲህ ያለ ቢራ በጠርሙስ የለም፤ እኔ በጋን አወጣዋለሁ” ይለን ነበር። ሃኒ ትስቃለች። እኔ ግን አምነዋለሁ።

አሁን ያንን ጠላ እኔ ልጠምቀው ነው። የዕድራችን ወይዘሮ ሙሉዬ፣ ሰፈሩ ውስጥ ጠላ ሲጠመቅ የሚታዘዙላቸው፣ “ለሠርግ ሌላ፣ ለተዝካር ሌላ፣ ለማኅበር ሌላ” ይላሉ። እኔ የምጠይቅዎ ለማንኛውም ዝግጅት የሚሆነውን አንዱን ነው። ገብሱ እስከምን ይቆላ? ጌሾው ምን ያህል ይሁን? ልዑል ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሥራዬ ግን ውኃ ማቀበልና ወሬ ማውራት ስለነበር ልብ ያላልኩት ይበዛል። የሚጠመቀው ለኅዳር ነው።

አክባሪዎ፣ ኤባ

*

ባምበርግ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤባ ደገፋ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፤ እናት አባትህንም፣ ሙሽራይቱንም። ያስለመዳችሁን ሰላም አምላክ አያጉድልባችሁ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል፤ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤህን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግሁት ገብሱን ነው። ልዑል ሲጽፍልኝ የቆላውን ገብስ በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ከደብዳቤው ጋር ይከታል። ቀለሙን አያለሁ፤ ነክሼ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ “ይህ አልበሰለም” “ይህ አለፈበት” ብዬ እመልስለታለሁ። አንተ ግን ባዶ ፖስታ ላክህልኝ። ያለ ገብስ ስለ ጠላ መነጋገር ያለ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ላክልኝ።

ደግሞስ ዝግጅቱ ምንድን ነው? ሃኒ ታጭታለች ብለኸኛል። ሠርጉ በኅዳር ከሆነ ቢራ በሳጥን ይገዛ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ቁርጡን ብቻ ጻፍልኝ። በልጅ ትከሻ ላይ የሠርግ ጠላ መጫን አያስፈልግም።

ለጥያቄህ ግን እመልስልሃለሁ። እዚህም ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ ቢራ የሠራ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ለሁሉም ጊዜ የሚሆን ቢራ ማለት ከምግቡ ጋር የማይጣላ፣ ወሬውን የማያቋርጥ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳትለመን የምትቀበለው ነው። ልዑል “ጠላ ይህን መሆን ይችላል” ሲለኝ እኔ “አይችልም፤ ጠላ ወይ ይከብዳል ወይ ይቀጥናል” እለው ነበር። በመጨረሻ የላከው ገብስ ግን ልቤን አወላውሎታል።

ስለ እሱ ካነሳን፣ ሁለት ደብዳቤ ጽፌለት መልስ አላገኘሁም። ያዘነብኝ ይመስለኛል። “ጌሾህ በዛ” ብዬው ነበር፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ። አንተ ታናሹ ነህና በጨዋታ መሃል ንገርልኝ። “ሽማግሌ ነው፣ እለፈው” በልልኝ።

የናፍቆት ሰላምታዬን ለሁሉም። አጎትህ ሐዲስ

*

አዳማ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዲስ፣

እንደምን ከረሙ? እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ደብዳቤዎን እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። በሁለተኛው ጊዜ መጨረሻውን ሳላነብ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ልዑል አላዘነብዎትም። ይህን እኔ ራሴ አረጋግጥልዎታለሁ። “ጌሾህ በዛ” ያሉበትን ደብዳቤ ለሁላችን ጮክ ብሎ አንብቦልን “ሽማግሌው ደረሱብኝ” ብሎ ስቋል።

ገንዘብ አይላኩ፤ የምሬን ነው። የኛ ቤት ሰው በልዑል ጠላ ይታወቃል። እንግዳ ሲመጣ የፋብሪካ ሳጥን ደርድረን ብንጠብቀው በቤታችን እንደሌለን እቆጥረዋለሁ። ሃኒም በመጀመሪያ “ሳጥን ይምጣ፣ ማን ይደክማል” ትል ነበር፤ ጋኑን ሳጥብ ስታየኝ ግን ሻሿን አስራ አብራኝ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ሙሉዬ ጌሾ ስወቅጥ ደርሰውብኝ “ኧረ ሸዋዬ፣ ልጅሽን ተይ በይው! ጌሾ የወቀጠ ወንድ ጢሙ ይረግፋል” አሏት።

“ጢሙ የት አለና ይረግፋል?” አለች እናቴ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ ስትቀልድ ሰማሁ። ስለዚህ ሙሉዬ ያሉትን ይበሉ፣ እወቅጣለሁ።

ጎረቤታችን ባለሱቁ አብዱልመናን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ገብሱን ከአርሲ ያስመጣልን እሱ ነው፤ የገዛ ወንድማችን ያህል ነው። “ለሁሉም ዝግጅት የሚሆን ካልክ እኔ ምን ልጠጣ ነው? ሽታውን?” አለኝ። የሃኒ እጮኛ የአዶኒያስ ቤተሰቦችም ጴንጤ ናቸው፤ አልኮል አይነኩም። ይህን ልዑል እንዴት ሊፈታው አስቦ እንደነበር አላውቅም። ጋሼ፣ ይህን እንዴት ላድርገው?

ገብሱን ልኬያለሁ። የመጀመሪያውን ምጣድ አሳርሬ ለአባቴ ዶሮዎች ሰጠሁት፤ እነሱም አልወደዱትም። ይህ ሦስተኛው ነው። የቆላሁት እኔ ነኝ።

ስለ ዝግጅቱ ለጠየቁኝ፣ ሲሆን እነግርዎታለሁ። አይቀየሙኝ።

አክባሪዎ፣ ኤባ

*

ባምበርግ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤባ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ገብሱ ደርሶኛል። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የምሄድበት ነበረኝ። ጊዜ ስለሌለህ ወደ ሥራው ልግባ።

እሳትህ በዝቷል። ምጣዱን አትሙላው፤ ገብሱ መገላበጫ ቦታ ይኑረው። እጅህ አይረፍ። ጥቁር ጠላ ለሐዘን፣ ቀይ ጠላ ለደስታ የሚሉትን እርሳ፤ አንተ የምትፈልገው በመሃል ያለውን፣ የጠይም ሰው መልክ ያለውን ነው። ሲነከስ ጠቅ ብሎ መሰበር አለበት፤ ውስጡም እንደ ውጩ።

ጌሾውን ይበቃል ብለህ ካሰብከው ላይ አንድ እፍኝ ቀንስ። ምሬቱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ሰላም ብሎ ይሂድ፤ ተቀምጦ አያምሽ። ጋኑን በግራዋ እጠበው፣ በወይራ እጠነው፤ ጭሱ ግን በእንግድነት ይግባ እንጂ የቤቱ ባለቤት አይሁን። ስታጠልለው አትቸኩል። ጥሩ ሆኗል ብለህ ስታስብ አንድ ሌሊት ጨምርበት።

ለአብዱልመናን ጥያቄ ይህን ልመልስ፤ ለሁሉም ጊዜ የሚሆን መጠጥ ይኖራል፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን ግን የለም። ሰውን አታስገድድ። ከዚያው ከቆላኸው ገብስ ላይ ጌሾ ሳይነካው ከሪቦ ሥራለት፤ ስኳሩን ጨምረህ በዕለቱ ትኩሱን አቅርብለት። ቀለሙ ከጠላው ጋር አንድ ይሁን። በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ያኔ ማንም ለብቻው የተቀመጠ አይመስለውም።

አንተ አትቅመሰው፤ ገና ነህ። እናትህ ትቅመሰው፤ የእሷ ምላስ ከኔ ይበልጣል።

ስለ ዝግጅቱ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ሳጥኑንም ተወው። ለሸዋዬ አምላክ ብርታቱን ይስጥልኝ። ለደገፋም።

አጎትህ ሐዲስ

*

አዳማ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዲስ፣

ለጤናዎ እጸልያለሁ። ያዘዙኝን አንድም ሳላጎድል አድርጌያለሁ። ጋኑ ተከድኗል፤ አፉ በጭቃ ተመርጓል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ጆሮዬን ጎኑ ላይ እለጥፋለሁ፤ ውስጡ ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ልዑልም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ “ተኝቷል” ወይም “ነቅቷል” እያለ ይነግረን ነበር። ዛሬ ነቅቷል።

ከደብዳቤዎ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። ስለ ልዑል አልጠየቁኝም። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጠይቀውኝ ነበር። ለእናቴ ይህን ስነግራት “ጻፍለት” አለችኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አልነገረችኝም።

ጋሼ፣ ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ፤ በወረቀት አይሆንም። በደህናው ጊዜም፣ በክፉው ጊዜም በርዎን የሚያንኳኳ ሰው በአጠገብዎ አለ? ቢኖር ስሙንና ስልኩን ይላኩልኝ። የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣ ኤባ

*

ባምበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤባ፣

በአጠገብዎ ሰው አለ ወይ ብለኸኛል። አለ።

የላክኸውን ገብስ የተቀበልኩ ዕለት ከልዑል ገብስ ጋር ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤ የእሱን ሁሉ አስቀምጫለሁ። የልዑል ከዳር እስከ ዳር አንድ መልክ ነው። ያንተ ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። ልዑል ያለበት ቤት ይህ ገብስ ከምጣዱ ወርዶ ፖስታ ውስጥ አይገባም። ታሞ እንኳ ቢሆን አልጋው ላይ ተቀምጦ “መልሰህ ቁላው” ይልህ ነበር። ዝም ያለበትን ምክንያት ያኔ አወቅሁ። ወንበሬ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ሻዬ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ከዚያ ተነሥቼ ባቡር ተሳፈርኩ። ትንሽ ራቅ ባለች ከተማ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ረግጫት አላውቅም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ዲንቄ የሚባሉ የአርሲ ሴት አገኘሁ። “መርዶ አለብኝ፤ የሚያረዳኝ የለም” አልኳቸው።

“ማን ነው የሞተው?” ብለው በወረቀት ጻፉልኝ።

“ልዑልሰገድ። የእህቴ ልጅ።”

“ካወቁት ምን ብለን እናርዳዎ?”

“አውቄዋለሁ፤ ግን አልተነገረኝም” አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ አድራሻዬን ወረቀቱ ላይ አስጻፉኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የደወሌ መብራት በራ፤ እኔ ደወል ስለማልሰማ ሰው ሲጫን መብራት ይበራል። ስከፍት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች ደረጃው ላይ ቆመዋል። ንፍሮ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዘዋል። ወይዘሮ ዲንቄ ክንዴን ያዙ። የተናገሩትን አልሰማሁትም፤ ከንፈራቸውን ግን አየሁት። ከዚያ ያለቀስኩትን ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል መሰለኝ፣ ከላይ ያለው ጀርመናዊ ጎረቤቴ በሌሊት ልብሱ ወርዶ ምንም ሳይገባው ትከሻዬን ይዞ ቆመ። ንፍሮም ቆነጠረ።

ለሸዋዬ ንገራት፤ በሥርዓቱ ተረድቻለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። አሁንም በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ወይዘሮ ዲንቄ ጓዳዬን ካዩት ወዲህ ሲነቅፉኝ ነው የሚውሉት።

ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህን እያወቅሁ ለምን ዝም እንዳልኩ ትጠይቀኝ ይሆናል። አንተ ጋን ልትከድን ነበር። እጅህ ሥራ ላይ እያለ እንባህን መቀስቀስ አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ግን ልበልህ። የጻፍክልኝን ሁሉ መልሼ አነበብኩት። አንድም ቃል አልዋሸኸኝም። እናትህን ሳትሽር፣ እኔን ሳታታልል በዚያች ጠባብ መንገድ መሄድ ትልቅ ሰውም አይችልበትም። ኮርቼብሃለሁ። በወንድምህም።

አሁን ንገረኝ። ጠላው ምን ሆነ?

አጎትህ ሐዲስ

*

አዳማ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዲስ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ልጽፍልዎት ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት “ብቻዬን አልነበርኩም” የሚለው ላይ ስደርስ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ወሰደችብኝ። ማንበብ ስለምትችል ቦታውን ራሷ ፈልጋ አገኘችው። “ተመስገን” አለች። የዚያን ዕለት እራት በላች።

ጠላው የተቀዳው ኅዳር 12 ነው፤ በልዑል ሙት ዓመት። ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኜ በማሰሮ ቀዳሁ። መልኩ እንዳሉኝ ነው፤ ጠይም፣ ብርሃን ሲያገኘው ውስጡ የሚቀላ። ከሰዉ ያዘነውም፣ ሲያወራ የሳቀውም እኩል ጠጣው። አንድም ሰው ፊቱን አልቋጠረም። የላንጋኖ የሥራ ጓደኞቹ አንድ ሚኒባስ ሞልተው መጥተው ነበር፤ አንደኛው ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ “ይኸው፣ የነገረን ይኸው” አለ፤ ሌሎቹም አነሡ።

አብዱልመናን ከሪቦውን ይዞ ከአዶኒያስ አባት ጎን ተቀመጠ። የአዶኒያስ አባት “ይህ ጠላ አይደለም አይደል?” ብለው ሲጠይቁት “አይደለም፤ ወንድሙ ነው” አላቸው። ሁለቱም ደጋግመው ጠጡ። ከሩቅ ያየ ሰው የማን ብርጭቆ ምን እንደያዘ አይለይም።

ወይዘሮ ሙሉዬ ግን ከሁሉም በላይ አስፈሩኝ። አንዴ ጠጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሃኒ ማሰሮውን ይዛ በፊታቸው ስታልፍ፣ ሳትጋብዛቸው፣ ብርጭቋቸውን ዘረጉ። ያኔ ጋሼ፣ ስለ ሁለተኛው ብርጭቆ የጻፉልኝ ትዝ አለኝና ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ጠጥተው ሲጨርሱ እናቴን “የማን እጅ ነው?” አሏት።

“የልጆቼ” አለች።

አባቴ እንደሚያውቁት ብዙ አይናገርም። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ባዶውን ጋን አዘንብሎ ውስጡን ተመለከተ። ከዚያ ራሴን ዳበሰና “ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ” አለኝ፤ ልጄ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። በኦሮምኛ የሚያናግረኝ ከልቡ ሲሆን ነው።

ከደብዳቤው ጋር ገብስ አለ። ያን ዕለት ከጠመቅኩት የተረፈ ነው። ከልዑል ጎን ዘርግተው ይመልከቱት፤ ነክሰውም ይፍረዱ። እንዲራሩልኝ አልፈልግም። ጉድለት ካለበት እሱን እንደሚናገሩት ይናገሩኝ።

የሃኒ ሠርግ ሐዘኑን ጠብቆ ለጥር ሆኗል። ትናንት እናቴ ዘንቢል ይዛ ገበያ ስትወጣ አየኋት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ጌሾ ለመግዛት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ደርሼ “ለሠርጉ የቱን ዓይነት ልጥመቅ?” አልኳት።

ዞር ሳትል “ስንት ዓይነት አለን?” አለችኝ።

ከቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታ ጋር፣
ኤባ ደገፋ